የአያቴን ቤት ከሰባት በር ወደ አንድ ቤት መመለስ (ጎንደር)፦ ሲሚንቶ ወይስ ኖራ? ደረጃውስ የት ገባ?

የሰባት_በር_ልጅ | መጋቢት 4

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ግንበኛውም አናጺውም ባሌም እናቴም የየራሳቸውን እያሉኝ ራሴ ሊፈነዳ ስለሆነ ነው።

እጨጌ ቤት አካባቢ የአያቴ ቤት አለ። ምድር ቤቱ ድንጋይ በጭቃ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ፣ ከፊት የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ምድሩ ሦስት ክፍል ነበር ፎቁ ሁለት። ነበር ያልኩት አሁን ሰባት ስለሆነ ነው። በ67ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ቸቸላ ሰፈር የነበሯት ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ሲወረሱ አያቴ እጅ ላይ የቀረው ይሄ የምትኖርበት ብቻ ነው፣ ባሏ ቀድሞ ሞቷል፣ አምስት ልጅ ይዛ ምን ትሁን፣ ቤቱን ዛሬ በጣውላ ነገ በቦለኬት በኋላ ደግሞ በቺፑድ እየከፋፈለች ደባል አስገባች። በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ከ1 እስከ 7 ቁጥር አለ እስካሁን። እሷ ራሷ መጨረሻ ላይ ቁጥር 1 ውስጥ ከአንድ አልጋና ከአንድ ቁምሳጥን ጋር ነበረች።

አሁን እናቴና እህት ወንድሞቿ ተስማምተው እኔና ባሌ ከልጆቻችን ጋር ልንገባበት ነው፣ እንደ ድሮው አንድ ቤት አድርገን። ስድስቱ በር ተለቋል። ቁጥር 4 ላይ እማሆይ አሉ፣ 38 ዓመት የኖሩ፣ የሳቸውን ነገር በኋላ እጽፋለሁ።

ጥያቄዬ፦ ግንበኛው የሚለው ጭቃውን ሁሉ ፍቀን በሲሚንቶ እንለስነው፣ የመሃል ግድግዳ የተባለ በሙሉ ይፍረስ፣ በ20 ቀን አስረክብሻለሁ ነው። ድሮ አጎቴ ምድር ቤቱን ከውጭ እስከ ጉልበት ድረስ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር፣ አሁን ከሲሚንቶው በላይ ያለው ግድግዳ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ውስጡም ይሸታል። ሌላው ደግሞ፣ ወደ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ ከውጭ ነው፣ በቆርቆሮና በባህር ዛፍ የተሰራ፣ እናቴ ግን ልጅ ሆኜ በሌሊት ልብሴ ከፎቅ ወርጄ ጓዳ እገባ ነበር ትላለች። በውጭ ደረጃ በውርጭ? የውስጡ ደረጃ የት እንደገባ የሚያውቅ ዘመድ የለም። ክረምት ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።

ሚስማር_አቃኝ | መጋቢት 4

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ መጀመሪያ። ፎቶ ከሌለ ግን ምክር የለም ሃሃሃ። የ20 ቀኑን ሰውዬ ግን ከአሁኑ ሸኘው።

የሰባት_በር_ልጅ | መጋቢት 4

እህትህ ነኝ 🙂 ፎቶ ነገ፣ እዚያ መብራት የለም፣ ማለት አለ ግን ቆጣሪው አንድ ሆኖ ስድስት ቤት ተቀጥሎበት ገመዱን ስታየው የሸረሪት ድር ነው፣ እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን መንካት ፈርቻለሁ።

አናጺው_ከአዘዞ | መጋቢት 5

እህቴ እኔ እንዲህ አይነት ቤት አራት አምስት ፈትቻለሁ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ረጅም ነው ታገሺኝ።

የትኛው ግድግዳ የቤቱ ነው የትኛው በኋላ የተጨመረ የሚለውን በማንኳኳት አትወቂው፣ ቺፑድ መሆኑን እማ ህጻንም ያውቃል። እግሩ ስር እዪ። የወለሉ ጣውላ ከግድግዳው ስር አልፎ ወደ ቀጣዩ ክፍል ከሄደ ግድግዳው በኋላ የመጣ ነው፣ ጣውላው ግድግዳው ጋ ደርሶ ከቆመ ደግሞ ግድግዳው ቀድሞ ነበር። ኮርኒሱንም እንዲሁ። አቡጀዴ ኮርኒስ ከሆነ ጥግ ላይ ትንሽ ቀደድ አድርገሽ በባትሪ እዪ፣ ጨርቁ ከግድግዳው በላይ ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ መልሱ ያው ነው።

የሚያስፈራው ቦለኬቱ ነው። በጣውላ ወለል ላይ መሰረት ሳይኖረው የተደረደረ ቦለኬት አይቻለሁ፣ አያትሽም ያኔ ማን መሐንዲስ አምጥታ። ሃምሳ ዓመት ሲቆይ ግን ከላይ ያለው ወጋግራ እየጎበጠ መጥቶ እላዩ ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ጭነት እንዲሸከም ያልተሰራ ግድግዳ አሁን ተሸካሚ ሆኗል ማለት ነው። ያንን በመዶሻ ካወረድሽው ፎቁ ይከተልሻል። መጀመሪያ በሁለቱም ወገን ድጋፍ እንጨት ይቁም፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በእጅ ይፈታ። ሥራውም ከፎቅ ይጀመር፣ ላይኛው ሲቀልል ታችኛው ይተነፍሳል።

እንጨቱን ፋቅ አድርገሽ አሽቺው። ጥድ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሸታል፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ባህር ዛፍ ከሆነ ተጠራጠሪ። የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፉ ነውና በስለት ውጊው፣ ስለቱ እንደ ቅቤ ከገባ ጫፉን ብቻ ቆርጦ በጥድ እንጨት በብሎን መቀጠል ይቻላል፣ ሙሉውን መቀየር የሰነፍ ሥራ ነው።

ደረጃውን በተመለከተ፣ የፎቁን ወለል እዪ። ረጃጅም ጣውላ መሃል ላይ አጫጭር ጣውላ የተጣፈበት፣ እንደ በር የሚያክል ቦታ ካገኘሽ ድሮ የደረጃው አፍ እዚያ ነበር።

ኖራ_ይሻላል | መጋቢት 5

አናጺው ስለ እንጨት ጨርሶታል እኔ ስለ ግድግዳው። እህቴ አጎትሽ ያደረገውን ሲሚንቶ ነው ቤቱን የበላው። ድንጋይ በጭቃ የተሰራ ግድግዳ ከመሬት ውሃ ይስባል፣ ሁሌም ይስብ ነበር፣ ድሮ ግን እርጥበቱ በጭቃው ልስን እየወጣ በነፋስ ይደርቅ ነበር። እስከ ጉልበት በሲሚንቶ ሲታፈን ውሃው መውጫ አጥቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲሚንቶው ያለቀበት ቦታ ላይ ይተነፍሳል፣ ይዞት የመጣውን ጨው እዚያ ይጥለዋል፣ ጨው ሲደርቅ ያብጣል ግድግዳውን ይፈረፍረዋል። ያየሽው እሱን ነው። ሽታውም እሱ ነው። አሁን ሙሉውን በሲሚንቶ ለስነሽ ብትጨርሺው በሽታው ወደ ፎቁ እንጨት ይሄዳል።

ደግሞ ሩቅ አንሂድ፣ ግንቡን እንይ። የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች የተያያዙት በኖራ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶና ፌሮ ገባባቸው፣ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ እያወጡ ወደ ኖራ መመለስ ነው የያዙት። ለግንቡ ያልሆነ ላንቺ ጭቃ ግድግዳ እንዴት ይሆናል።

ለምድር ቤቱ፦ ሲሚንቶውን ቀስ ብሎ በመሮና በትንሽ መዶሻ ማንሳት (ድንጋዩ አብሮ ከመጣ ቁሙ)፣ ከዚያ ክፍት ትቶ አንድ ሁለት ወር ማድረቅ፣ ከዚያ በጭድ ጭቃ መለሰን፣ የኖራ ሽፋኑ ላዩ ላይ ስስ ሆኖ ይምጣ። ጭቃውን ከጭድ ጋር ቢያንስ ሁለት ሳምንት እየረገጡ ካላቆዩት ይሰነጠቃል።

ፎቅ_ሰሪ | መጋቢት 5

ይቅርታ ግን ይሄ የኖራ ፍቅር ፋሽን ሆኗል። አያቶቻችን ሲሚንቶ ቢኖራቸው በሲሚንቶ ነበር የሚሰሩት፣ ስላጡ ነው። ልጅቷ ቤተሰብ ይዛ ልትገባ ነው፣ ሙዚየም ልትከፍት አይደለም። ኖራ እስኪደርቅ ስንት ወር፣ ሠራተኛ ማን ያውቀዋል።

ኖራ_ይሻላል | መጋቢት 5

ፎቅ ሰሪ ወንድሜ፣ ለፎቅህ ሲሚንቶ ትክክል ነው፣ ማንም አልተጣላህም። ቦለኬት ላይ ለስን። እኔ ያልኩት ለስላሳ ግድግዳ ላይ ደረቅ ነገር አይለጠፍም ነው፣ ለጭቃ ግድግዳ ከራሱ የለሰለሰ ልብስ ነው የሚሆነው። ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆረ ከ1628 ወዲህ 400 ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ኖራው ግን ቆሟል፣ አንተ ባለፈው ዓመት የሰራኸው አጥር አሁን ተሰንጥቆ የለም? (እዚሁ መድረክ ላይ ፎቶውን ለጥፈህ ነበር እኮ ሃሃሃ)

ፎቅ_ሰሪ | መጋቢት 5

እሱ የመሬቱ ጥፋት ነው 😒

ህግ_ነክ | መጋቢት 6

ስለ ግድግዳ አላውቅም፣ ስለ ወረቀት ግን ልበል።

አዋጅ 47/1967 አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ነው ያዘዘው፣ ትርፉ ተወረሰ፣ የአከራይና ተከራይ ግንኙነትም ቀረ። ስለዚህ አያትሽ ያኔ ያስገባቻቸው ሰዎች በወረቀት ላይ ተከራይ ሊባሉ አይችሉም ነበር። ለዚህ ነው "ደባል" የሚባለው ቃል እንዲህ የገነነው፣ ቀበሌ ሲመጣ ሁሉም የአጎት ልጅ ነው። የኔም አክስት ቤት አስራ አንድ የአጎት ልጅ ነበረን፣ አንዱ ትግርኛ አንዱ ኦሮምኛ ተናጋሪ።

አሁን ማጣራት ያለብሽ፣ ካርታው የዞረው ለእናትሽ ብቻ ነው ወይስ ለወራሾች በሙሉ? እህት ወንድሞቿ በቃል ብቻ ከሆነ የተስማሙት በጽሑፍ አድርጉት፣ ቤቱ ፈርሶ ያለ ጊዜ ሁሉም ዘመድ ነው፣ ተሰርቶ ሲያምር ግን ሁሉም ወራሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ቦታሽ ለፋሲል ግቢ ቅርብ ነው። ግቢው በ1972 (በፈረንጅ 1979) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ዙሪያው ላይ የሚሰራው ነገር ሁሉ ይታያል። ቤቱ ራሱ ደግሞ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሰረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ መጠገንም አይቻልም። መዶሻ ከማንሳትሽ በፊት ከተማው ባህልና ቱሪዝም ሄደሽ ጠይቂ፣ ምላሹንም በደብዳቤ ተቀበዪ እንጂ "ችግር የለም ሂጂ ስሪ" ብለውኛል ብለሽ አትመለሺ።

ስደተኛው_ጎንደሬ | መጋቢት 6

እጨጌ ቤት ስትይ አንጀቴን በላሽው። ያ ሰገነት ያለው ጣሊያን የሰራው ቤት ነው አይደል? የጣሊያን ቤት እኮ ድንቅ ነው አትንኩት።

የሰባት_በር_ልጅ | መጋቢት 6

እናቴም የጣሊያን መኮንን ነበረበት ትላለች፣ ጣሊያን ነው የሰራው እየተባለ ነው ያደግነው። ፎቶዎቹን አሁን ለጠፍኩ።

ቀሃ_ማዶ | መጋቢት 7

ፎቶውን አየሁት። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የጣሊያን ቤት አይደለም። ጎንደር ውስጥ ያረጀ ቤት ሁሉ ወይ ፋሲል ነው የሰራው ወይ ጣሊያን፣ የኛ ሰው ቤት አልሰራም ማለት ነው?

ጣሊያን እዚህ የቆየው ከመጋቢት 1928 እስከ ህዳር 1934 ነው፣ ጄኔራል ናሲ እጁን እስኪሰጥ፣ ስድስት ዓመት እንኳን አይሞላም። የሰሩትን ለማየት ፒያሳ ውጪና ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን እዪ፣ ሲሚንቶ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጥግ ላይ የሚዞር በረንዳ፣ ቢጫ ቀለም። ያንቺ ቤት ግድግዳ ግን በፎቶው ላይ እንደማየው በሩ ጋ ወፍራም ነው፣ ምናልባት 70 ሳንቲም፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ሰገነቱ የተጠረበ እንጨት። ይሄ የጎንደር ግንበኛና የጎንደር አናጺ እጅ ነው። መኮንኑ ኖሮበት ሊሆን ይችላል፣ የፎቁ በር ማጠፊያና የመስኮቱ መስታወትም የሱ ዘመን ይመስላል፣ ግን ተከራይ እንጂ ሰሪ አይደለም። ስምንተኛው ደባል በዪው።

የሰባት_በር_ልጅ | መጋቢት 7

ስምንተኛው ደባል 😂😂 ለእናቴ አነበብኩላት፣ መጀመሪያ ተቆጣች በኋላ "እንደሱ ከሆነማ የአባቴ አባት ነው የሰራው ማለት ነው" ብላ ሰፈሩን ልታዳርስ ወጣች።

ግድግዳውን ለካሁት፣ 72 ሳንቲም።

ምስጥ_በላኝ | መጋቢት 9

ከሁሉ በፊት ውሃውን! ማንም አላነሳውም። ፎቶሽ ላይ አሸንዳው ግማሹ የለም፣ የክዳኑ ውሃ በሙሉ ግድግዳው ስር ነው የሚወርደው፣ ግቢውም ባለፉት ዓመታት አፈር እየተደፋበት ከበሩ ደፍ በላይ ሆኗል። በጎንደር ክረምት ይሄ ማለት ቤቱን በሳህን ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሌላው ሁሉ ይቆይና አሸንዳ ግጠሚ፣ የግቢውን አፈር ዝቅ አርጊ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገሽ ጠጠር የሞላበት ቦይ ወደ መንገድ አውጪ። ከመሰረቱ በታች ግን እንዳትቆፍሪ፣ የድሮ ቤት መሰረቱ ጥልቅ ነው ብለሽ እንዳትተማመኚ። እኔ እንደዛ አድርጌ አንድ ጥግ ተቀምጦብኛል፣ ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ግን ሌላ ታሪክ ነው።

አናጺው_ከአዘዞ | መጋቢት 9

ትክክል። ረስቼው ነው። መጀመሪያ ውሃ።

የሰባት_በር_ልጅ | ሚያዝያ 21

ከጠፋሁ ቆየሁ፣ ይቅርታ፣ ፋሲካም መሃል ገባ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ወረቀቱ፦ ቤቱ በቅርስነት እንዳልተመዘገበ በደብዳቤ ሰጥተውኛል፣ ግን የፊቱን መልክ ቁመቱንና ሰገነቱን እንዳልቀይር ጽፈውበታል፣ እኔም መቀየር አልፈለግኩም። እህት ወንድሞቿም ፈርመዋል (ህግ ነክ እግዜር ይስጥህ፣ አንደኛው አጎቴ ለመፈረም ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥቷል)።

አሸንዳው ገብቷል፣ ግቢው 40 ሳንቲም ዝቅ ብሏል፣ ከአፈሩ ውስጥ የወጣው ገል ብቻ አንድ ጋሪ ይሞላል። ሲሚንቶው ተነስቷል፣ ሁለት ቦታ ድንጋይ አብሮ መጥቶ አስደንግጦናል። አናጺው እንዳለው የጣውላውን ነገር ስናይ ከመሃል ግድግዳዎቹ አምስቱ በኋላ የተጨመሩ ናቸው፣ አንዱ ቦለኬት ወጋግራው እውነትም ተኝቶበታል፣ ድጋፍ አቁመን ነው የፈታነው፣ እንጨቱ ሲላቀቅ ያሰማው ድምጽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ፎቁ ላይ ደግሞ አጫጭር ጣውላ የተጣፈበት ቦታ አገኘን። በርግጥም የበር ያህል። ደስ ብሎኝ ልጮህ ስል ባሌ ወደ ታች ለካና ዝም አለ። ልክ ከእማሆይ ክፍል በላይ ነው።

ወረድኩና ነገርኳቸው። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቁጭ ብለው እየሰሙኝ "ደረጃውንማ እኔ መች ጠፋኝ" አሉኝ። ሲገቡ ነበር። ሁለት ወር ደረጃው ክፍላቸው ውስጥ እንዳለ ኖረዋል፣ ፎቅ ያሉት ሰዎች በሌሊት በሳቸው አልጋ አጠገብ ይወጡ ይወርዱ ነበር፣ በኋላ አያቴ አናጺ አምጥታ አፉን በጣውላ አስደፍና ከታች ያለውን ደረጃ ግን እንጨቱ ወይራ ነው ብላ እንዳይፈርስ በጭቃ አስጋርዳ አስቀመጠችው። እማሆይ መደርደሪያ ያሉት፣ ስዕለ አድህኖ የሰቀሉበት፣ ያ ግድግዳ ባዶ ነው። አንኳኳሁት። ባዶ ነው።

እንግዲህ ቤቱ አንድ ቤት እንዲሆን መንገዱ በሳቸው ክፍል መሃል ነው የሚያልፈው።

ፎቅ_ሰሪ | ሚያዝያ 21

ከባድ ነው ግን መፍትሄው ቀላል ነው፣ የአንድ ዓመት ኪራይ የሚያህል ካሳ ሰጥቶ ሌላ ቤት መፈለግ። ስሜት ውስጥ ከገባሽ ቤቱ አይሰራም።

የፒያሳዋ | ሚያዝያ 21

38 ዓመት የኖሩ እናት ናቸው! ለመሆኑ ጎንደር ውስጥ ለአንዲት መነኩሲት በዚህ ጊዜ ቤት የት ነው የሚገኘው? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ጎጆ አለ ልትለኝ ነው?

ህግ_ነክ | ሚያዝያ 22

ከስሜቱ ውጭ፣ በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም፣ ክልሉ ተግባራዊ ባደረገበት ቦታ ማለት ነው። ከእማሆይ ጋር ያላችሁ ነገር ኪራይ ነው ወይስ መጠለያ? ስንት ነው የሚከፍሉት?

የሰባት_በር_ልጅ | ሚያዝያ 22

አያቴ እያለች በወር 30 ብር ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ እናቴ አልጠየቀችም፣ እሳቸው ግን በየወሩ በጨርቅ ቋጥረው 30 ብር ያስቀምጣሉ፣ እናቴም ለሻማ ይሁን እያለች ትመልሳለች፣ እሳቸውም እንደገና። ብሩ ያው ብር ይመስለኛል።

ፎቅ ሰሪ አልተቀየምኩህም ግን እናቴ አንዴ ታማ አያቴ ገበያ ስትሄድ ያስታመሟት እሳቸው ናቸው፣ እኔንም ጡት ሲያስጥሉኝ እሳቸው ጋ ነው ያደርኩት ይባላል። ማስወጣት የሚባል ነገር አልተነሳም ቤታችን። ጥያቄው የት ይሁኑ ነው። ፎቅ አይወጡም፣ ጉልበታቸው።

ቀሃ_ማዶ | ሚያዝያ 22

ቁጥር 2 በግቢው በኩል በር አለው አይደል በፎቶው? ጸሐይ የሚያገኝም እሱ ነው፣ ከወለሉ እስከ ግቢው አንድ እርከን ብቻ። መጀመሪያ እሱን ጨርሺና እማሆይ ይዛወሩ፣ ከዚያ ደረጃው ይከፈት። በሩን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ግቢ እንደሆነ ተዪው፣ ሰው የራሱ በር ካለው ነው ደባል የማይሆነው።

የፒያሳዋ | ሚያዝያ 22

መጸዳጃው ግን? የግቢውን ሽንት ቤት በክረምት በሌሊት ሊሄዱ ነው?

የሰባት_በር_ልጅ | ሚያዝያ 22

ቁጥር 3 ከአጠገቡ ነው፣ እሱን መታጠቢያ ቤት ልናደርገው ነው፣ ከሁለቱም ወገን በር ይኖረዋል። ቀሃ ማዶ እናቴ ልታገኝህ ትፈልጋለች፣ ስለ አባቷ አባት ሌላ ምን ታውቃለህ እያለች ነው 😂

ኖራ_ይሻላል | ሚያዝያ 23

ያንን አንድ ጋሪ ገል እንዳትደፊው! ደቅቆ ተነፍቶ ከኖራና ከአሸዋ ጋር ሲገባ ኖራው እርጥበት ባለበትም እንዲጠነክር ይረዳዋል፣ በተለይ ለታችኛው ግማሽ ሜትር። አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ፣ ከአሸዋው ትንሹን በገል ዱቄት ተኪው፣ በትንሽ ግድግዳ ሞክረሽ እዪ።

ኖራው ያልበረደ ድንጋዩ ከሆነ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ ንገሪያቸው፣ ውሃው ላይ ኖራ ይጨመራል እንጂ ኖራው ላይ ውሃ አይደፋም፣ መነጽር ግዴታ ነው፣ ልጆቹ አጠገቡ እንዳይደርሱ። አይን ያጠፋል፣ ቀልድ የለም። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እንደተኛበት በቆየ ቁጥር እየተሻለው ይሄዳል። ስትለስኑም ስስ ስስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ነው፣ በጸሐይ ቀን እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበት። ኖራ በጸሐይ አይደርቅም፣ ከአየር እየጠጣ ነው ቀስ ብሎ ወደ ድንጋይ የሚመለሰው፣ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል።

ሚስማር_አቃኝ | ሚያዝያ 25

ስለ ወጥ ቤቱ ምንም አላልሽም። ባልሽ ምን ይላል?

የሰባት_በር_ልጅ | ሚያዝያ 25

ባሌ አሜሪካን ኪችን ይላል። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ላይ። እኔ ደግሞ ሽንኩርት ሲቁላላ ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ማን ነው እላለሁ።

የፒያሳዋ | ሚያዝያ 25

ሰባት ወጥ ቤት የነበረው ቤት ነው፣ አሁን ደግሞ አንድም የሌለው ሊሆን ነው? ጓዳው ጓዳ ይሁን። በር ይኑረው። ባልሽን እኔ ላነጋግረው።

አናጺው_ከአዘዞ | ሚያዝያ 26

ኪችኑን ተዉትና፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ሺ ዋት አካባቢ ይስባል። በዚያ በሸረሪት ድር ገመድ ምጣድ ከሰካሽ የጥድ ወጋግራሽ ምን አይነት ማገዶ እንደሆነ ታዪዋለሽ። ገመዱ በሙሉ ተነቅሎ አዲስ ይዘርጋ፣ ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ግድግዳውን ሁለቴ እንዳትሰብሪ ይሄ ከልስኑ በፊት ነው የሚሰራው።

የሰባት_በር_ልጅ | ሰኔ 2

ትላንት ዘነበ። የመጀመሪያው ትልቁ ዝናብ። አሸንዳው አንድ ቦታ አፍስሷል እንጂ ግድግዳው ስር ደረቅ ነው፣ ሌሊት ባትሪ ይዤ ወጥቼ አየሁት፣ ባሌ አበደች ብሏል።

እማሆይ ግንቦት 12 ቁጥር 2 ገብተዋል። ክፍሉን እሳቸው እንዳሉት ነው ያደረግነው፣ የኖራ ነጭ ብቻ፣ ቀለም አልፈልግም አሉ። በማግስቱ ቁጥር 4ን ከፈትን። ደረጃው አለ! አስራ አንድ እርከን ነበረው፣ ሰባቱ ደህና ናቸው፣ አራቱን ምስጥና እርጥበት ጨርሷቸዋል። መረገጫው መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፣ በእግር ብዛት። እናቴ ሰው ሳይከለክላት በደህናዎቹ ላይ እየዘለለች ግማሹን ወጣች፣ 62 ዓመቷ ነው፣ ጮኸንባት፣ አልወርድም ብላ እዚያው ቁጭ አለች።

ያልጨረስነው ብዙ ነው። የውስጡ ልስን ለጥቅምት ተላልፏል፣ በክረምት ኖራ አንሞክርም ተብሏል። አሜሪካን ኪችን ቀርቷል (የፒያሳዋ እንዴት እንዳገኘችው አላውቅም ግን አግኝታዋለች)። በሮቹን ስናወልቅ ቁጥሮቹን እንፋቀው ወይ ብሎ አናጺው ጠየቀኝ፣ ተወው አልኩት። እማሆይ አንዳንድ ማታ በልማድ ወደ 4 ሄደው ቁልፋቸውን ሊያስገቡ ሲሞክሩ አገኛቸዋለሁ፣ በሩ ደግሞ አሁን ክፍት ነው የሚያድረው።

ጥያቄ፦ የወይራ እርከኖቹንና የፎቁን ጣውላ አጽድተናል። ቫርኒሽ ልቀባ ወይስ ዘይት? አራቱን የጠፉትንስ ወይራ ከየት አገኛለሁ?

አናጺው_ከአዘዞ | ሰኔ 2

ቫርኒሽ በዚያ እርጥበት ይላጣል። የተልባ ዘይት፣ ሞቅ አድርገሽ፣ በጨርቅ ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ፣ ድገሚ፣ ሦስት ጊዜ። አብዝተሽ ካፈሰስሽው አይደርቅም ይጣበቅብሻል። ደግሞ ይሄን ስሚኝ፣ የቀባሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ እንዳትጥይው፣ ዘይቱ ሲደርቅ ይግላል፣ በራሱ ተነስቶ ይነዳል። ውጭ ዘርግተሽ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሪው።

ወይራው እኔ ጋ አለ። ካፈረስኩት ቤት የቆየ ሁለት ቁራጭ ነው፣ አራት እርከን ያወጣል አያወጣም አላውቅም። ውፍረቱን ለክተሽ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ይዤው እመጣለሁ።

የሰባት_በር_ልጅ | ሰኔ 2

አራት ከግማሽ ሳንቲም። ዳር ላይ ግን አምስት ነው፣ መሃሉ ተበልቶ ነው።